ከእጅጌው የማይገባው ሰዓት

«አልገባም አለ እኮ!» አለች ትሕትና የሸሚዙን እጅጌ በሁለት እጇ ይዛ እየጎተተች። «ምን ዓይነት ሰዓት ነው በማርያም! የግድግዳውን ነቅለህ ነው እንዴ ያሰርከው?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እንዳላማው እጁን መንጭቆ ከኋላው ደበቀ። ሌላው አለባበሱ እንከን አይወጣለትም፤ ጥቁር ሱፍ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ክራቫት። ሱፉን ያዋሱት መምህርቷ ቲቸር ሥራነሽ ናቸው፤ ባለቤታቸው ቢሮ የሚገቡበት ነው። ግራ እጁ ላይ ሲደረስ ግን ነገር ይበላሻል። አንድ ትልቅ ጥቁር ሰዓት ከእጅጌው ይወጣል፤ ማሰሪያው ወፍራም ጎማ፣ ዙሪያው የሚሽከረከር ጥርሳም ቀለበት፣ ቁጥሮቹ ጨለማ ውስጥ አረንጓዴ የሚያበሩ። ባሕር ጠላቂዎች የሚያደርጉት ዓይነት ነው። የሸሚዙ ቁልፍ በላዩ ላይ አልቆለፍ ብሎ እጅጌው ተከፍቶ ቀርቷል።

ሰኞ የምስለ ችሎት ውድድር አለ። ከየትምህርት ቤቱ የተመረጡ ተማሪዎች እንደ ጠበቃ ለብሰው በእውነተኛ ዳኞች ፊት ይከራከራሉ። የእነ እንዳላማው ጉዳይ ከገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅን የሚመለከት ነው፤ አከራይዋ በትምህርት ዘመኑ አጋማሽ ዕቃዋን ውጭ አስቀምጠውባታል። ለልጅቷ የሚቆመው ዋና ጠበቃ እንዳላማው ነው። አንቀጾቹን ሁሉ በቃሉ ይዟቸዋል።

«ባለፈው ዙር ዳኞቹ ምን እንዳሉን ታስታውሳለህ አይደል?» አሉ ቲቸር ሥራነሽ። «‹ጠበቃው ሲናገር ዓይናችን ሰዓቱ ላይ ነበር› ነው ያሉት። የአለባበሱን ነጥብ በሙሉ አጣን። ልጄ፣ በሌላ ቀን እንደፈለግህ አድርገው፤ ከሱፍ ጋር ግን አይሄድም።»

«አላወልቅም ቲቸር።»

«ለምን?»

እንዳላማው እጅጌውን ወደ ታች ሳበ።

«እንግዲያው ሰኞ የሚከራከረው አብይ ነው» አሉ። አልተቆጡም፤ ግን የምራቸውን ነበር።

ተጠባባቂው አብይ ከኋላ ወንበር ዘሎ ተነሳ። «እኔ? ኧረ ቲቸር፣ እኔ አንድ አንቀጽ እንኳን አልያዝኩም! አቦ እንዳሌ፣ ለአንድ ሰዓት ብለህ ጉድ አትሥራን!»

እንዳላማው ማውለቅ ቢችል መች ጠላ። ከሰዓቱ ሥር የውሻ ጥርስ ጠባሳ አለ፤ አንጓውን ከላይም ከታችም የያዘ፣ በአንድ በኩል የጎደጎደ፣ በሌላው አብጦ የቀረ። በዚህ አገር እንዲህ ያለ ጠባሳ ያየ ሰው ብዙ አይጠይቅም። የቆሎ ተማሪ ነበር ማለት ነው፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ቁራሽ ሲለምን ውሻ የነከሰው።

ልመናው አሳፍሮት አያውቅም ነበር። የአብነት ትምህርት ቤት ሳለ የኔታ ዘንድ አብረውት ከሚቀጽሉት ልጆች ውሻ ያልነከሰው አልነበረም፤ ጠባሳቸውን እያወዳደሩ ይስቁ ነበር። ነገሩ የተበላሸው ሮብ ገበያ ከተማ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። ከክፍሉ አንደኛ ወጣ። «ይወጣላ! አብሾ ጠጥቶ እኮ ነው!» አሉት። አብሾ የሚባለው፣ የቤተ ክህነት ተማሪ ከጠጣው አእምሮውን ይከፍትለታል የሚሉት ቅጠል ነው። እንዳላማው እንኳን ሊጠጣው አይቶትም አያውቅ። ግን ማን ሰምቶት! ዓይኑ እስኪቀላ ያጠናው ሁሉ የቅጠሉ ሆኖ ቀረ። ፈተና ሲደርስ «ለእኛም ቅመስልን» የሚሉት መጡ። አንዷ ደግሞ እስክሪብቶዋ ሲጠፋ «በድግምት ነው የወሰደው» ብላ ለመምህር ከሰሰችው። ተናደደ፣ ተደባደበ፣ አለቀሰ። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ መጥቶ ዘጠነኛ ክፍል እንደተመዘገበ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ገበያ ወርዶ ሰዓት ሻጩ ከደረደራቸው ሁሉ ሰፊውን መምረጥ ነበር።

«የማን ነው?» ሲሉት «የአባቴ» አለ። «አባትህ ምን ይሠራሉ?» ሲሉት ሰዓቱን አየና «ባሕር ዳር፣ ጣና ላይ ጀልባ ይነዳሉ» አለ። እንደዚያው ብሎ ቀረ። አባቱ አቶ ቢተው ከሮብ ገበያ ወጣ ብሎ ገብስና ድንች የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። ጣናን በዓይናቸው አላዩትም።

ከትምህርት ቤት ሲወጣ ትሕትና ሮጣ ደረሰችበት።

«ስማ፣ ቅድም ሙድ ስለያዝኩብህ ይቅርታ። ግን አብይ እኮ ጉድ ነው የሚሠራን! ለምንድን ነው የማታወልቀው?»

«የአባቴ ነው አልኩሽ።»

«ቢሆንስ? ለአንድ ክርክር ብታወልቀው ይቆጡሃል?»

«አይቆጡም» አለና ፊቱን አዞረ። ያን ያህል የለፋበት ክርክር በአብይ አፍ ሊበላሽ መሆኑ ነበር ያስጨነቀው። ትሕትና ግን ሌላ ነገር ገባት። ቆም አለችና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እንዳሌ… አባትህ የሉም እንዴ?»

«ኧረ አሉ!» ማለት አሁን ነበር። ግን ሳይናገር ሌላ ሐሳብ ቀደመው፤ አባቱ ከሞቱ ሰዓቱን አውልቅ የሚለው ሰው አይኖርም።

«ጀልባው ላይ ነው?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

አመሻሹ ላይ ቲቸር ሥራነሽ ደወሉለት። «ልጄ፣ ትሕትና ነገረችኝ፤ አላወቅሁም ነበር፤ ይቅር በለኝ። ሰዓትህን እንዳሰርክ ትከራከራለህ። ለዳኞቹ እኔ አስረዳቸዋለሁ።» ስልኩን ሲዘጋ እፎይ አለ። እፎይታው ግን አልቆየም። ያቀረበውን እራት መልሶ ከደነው። የሰውን አባት እንኳን እንዲህ አይገድሉም፤ እሱ የገዛ አባቱን ራሱን አንዴ ነቅንቆ ቀበራቸው።

ቅዳሜ ልብስ ሲያጥብ የግቢው በር ተንኳኳ። ቢከፍት ቲቸር ሥራነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ከኋላቸው ትሕትና ዓይኗ አብጦ፣ አብይ ሰፌድ ሙሉ ንፍሮ ተሸክሞ፣ ከዚያ የክፍሉ ልጆች።

«ምነው ቲቸር?»

«እርምህን አላወጣህም አሉ» አሉ መምህርቷ፣ አንገቱን አቅፈው። «አባት ሞቶ በሆድ ይዞ መኖር አለ? ዘመድ በሌለህበት ከተማ እኛ ለምንህ ነን? ግባ፣ አልቅስና ይውጣልህ።»

ምን ይበል? ገቡ። የተከራያት ክፍል ትንሽ ናት፤ አልጋው ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ ጀሪካኑ ላይ ሳይቀር ተቀመጡ። ማንም አይስቅም። ትሕትና እያለቀሰች ነበር፤ እውነተኛ እንባ፣ ለማያውቁት ሰው። እንዳላማው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«መቀመጫ… መቀመጫ ላምጣ» ብሎ አመለጠ።

አከራይዋ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ከጓሮ በኩል አግዳሚ አላቸው። አግዳሚውን ይዞ ግን ወዲያው አልተመለሰም። አሁን ገብቼ እነግራቸዋለሁ አለ። ቆይ፣ ከሰኞ በኋላ ይሻላል አለ። ደግሞ አሁኑኑ ነው አለ። እንዲህ ከራሱ ጋር ሲሟገት ከግቢው በር በኩል የወንድ ጩኸት ሰማ።

«ልጄን! ምን አገኘብኝ ልጄን! እኔን ይድፋኝ!»

አግዳሚውን ጥሎ ሮጠ።

አቶ ቢተው ናቸው። ስንቅ ይዘው የሚመጡት በሚቀጥለው ሳምንት ነበር፤ የውድድሩን ወሬ ሰምተው ቀደም ብለው ተነሥተው ኖሯል። ክፍት በሩን አልፈው ሲገቡ የታያቸው የልጃቸው ክፍል ነው፤ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሰዎች ተሰብስበውበታል፣ መሃል ላይ ንፍሮ ተቀምጧል፣ ልጃቸው ግን የለም። ሌላ ምን ያስቡ? የስንቁን ከረጢት ከትከሻቸው ጥለው ደረታቸውን እየደቁ ነበር። የክፍሉ ልጆች ደግሞ የሟች ዘመድ መስሏቸው አብረዋቸው ይጮኻሉ።

«አይዞዎት፣ እግዜር ያጽናዎት» ይላሉ ቲቸር ሥራነሽ፣ ክንዳቸውን ደግፈው። ይኼን ሲሰሙ ሰውየው ጭራሽ ጩኸታቸው ባሰ።

ያኔ እንዳላማውን አዩት። ጩኸታቸው ቆመ። ተንደርድረው ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ትከሻውን፣ ደረቱን ዳበሱት። ትንፋሻቸው ይቆራረጣል።

«አለህ? አለህ ልጄ?»

በገጠር ሽማግሌ የሰውን ልጅም «ልጄ» ማለቱ የተለመደ ነውና ከተማሪዎቹ ማንም ነገሩን አላጤነውም።

«እና ማን ነው የሞተው?» አሉ አቶ ቢተው ወደ ሰዎቹ ዞረው።

«አባቱ ናቸዋ!» አሉ ቲቸር ሥራነሽ ግራ እየገባቸው። «ጣና ላይ፣ በጀልባ… እርስዎስ ምኑ ነዎት?»

አቶ ቢተው ልጃቸውን አዩት። ከዚያ ሱፍ ለብሶ እንዲከራከር የሚያዘጋጁትን መምህርት አዩ፣ ልጆቹን አዩ፣ የራሳቸውን ጭቃ የነካ የላስቲክ ጫማ አዩ። ገባቸው። ፊታቸው ክስም ሲል እንዳላማው አየው፤ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ጎንበስ ብለው ከረጢታቸውን አነሡ።

«አጎቱ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ነፍሱን ይማረው።»

አዳኑት። መምህርቷ አመኑ፣ ልጆቹ አመኑ። ዝም ቢል ሁሉም ነገር ያልቃል፤ ሰኞ ይከራከራል፣ ማንም ምንም አይጠይቀውም።

«አጎቴ አይደሉም» አለ። ወደ አቶ ቢተው ተጠጋ። «አባቴ ናቸው። ዋሽቼ ነው። ጀልባም የለም።»

ሰዓቱን ፈታው። እጁ ላብ አልቦት ጎማው ተጣብቆ ነበር። «ለዚህ ነው የማላወልቀው። ቁራሽ ስለምን ውሻ ነክሶኝ ነው። የቆሎ ተማሪ ነበርኩ።»

አብይ ጠባሳውን አየና ዓይኑ ፈጠጠ። «ለካ! ለዚህ ነዋ አንቀጹን ሁሉ እንደ ዳዊት የምትደግመው! አብሾ—»

«አጥንቼ ነው!» አለ እንዳላማው። «ብታምንም ባታምንም አጥንቼ ነው።»

ትሕትና ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች። «እኔ ትናንት ስንቴ እንዳለቀስኩ ታውቃለህ? ለእናቴ ሁሉ ነግሬ ሻማ አብርታላቸዋለች!» አለችና እየነፈረቀች ወጣች። ሊከተላት ፈለገ፤ ግን ምን ብሎ?

ቲቸር ሥራነሽ ጠባሳውን አዩ፣ ከዚያ አቶ ቢተውን። «ሰኞ አብይ ነው የሚከራከረው» አሉ በመጨረሻ። «በሰዓቱ ምክንያት እንዳይመስልህ።»

«እሺ ቲቸር።»

ሰዉ ሊነሣ ሲል አቶ ቢተው ሰፌዱ አጠገብ ተቀመጡ። «የመጣ ንፍሮ አይመለስም» ብለው ዘገኑ። «የራሱን የለቅሶ ንፍሮ ቀምሶ ያየ ማን አለ? ኧረ ጨው አንሶታል! ና አንተ ልጅ፣ ብላ እንጂ!» አብይ ሳቁ አመለጠው፤ አንድ ሁለቱም ተከተሉት። እንዳላማው ግን መሳቅ አልቻለም።

አባትና ልጅ ወደ መናኸሪያ ሲሄዱ ከረጢቱ ባዶ ነበር፤ ስንቁ ክፍሉ ቀርቷል። እንዳላማው ከአባቱ ተቀብሎ ይዞታል።

«ምን ሆኜ ነው የሞትኩት?» አሉ አቶ ቢተው።

«ጀልባው ተገልብጦ።»

«ዋና መች እችላለሁና» አሉ። ቀልድ ይሁን ቁጣ አልለየለትም።

«ይቅር ይበሉኝ አባዬ።»

«የእኔስ ግድ የለም፤ እኔ አርጅቻለሁ። አንተን ሞትክ ብዬ ነው እንጂ… ያቺን ደቂቃ ደግሞ አያምጣብኝ።» በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እንዳላማውም ሰው ያየኛል ሳይል አለቀሰ።

ሚኒባሱ አንድ ሰው ነበር የጎደለው። አቶ ቢተው ገብተው በመስኮት በኩል አዩት። «በል ግባና አጥና።»

«አብይ እኮ ነው የሚከራከረው።»

«አሃ፣ ረስቼው።»

ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል እንዳላማው ያዘው።

«አባዬ፣ ይውረዱ።»

«ምነው?»

«ሰኞ ውድድሩን አብረን እንይ። እኔ ባልናገርም አጠገብዎ እቀመጣለሁ። አብይን ነገ ቤት ጠርቼ አስጠናዋለሁ፤ እንደሚቆዩ ለእናቴ እደውልላታለሁ።»

አቶ ቢተው ጋቢያቸውን፣ ጫማቸውን አዩ። «እዚያ ሁሉ ሱፍ የለበሰ ሰው መሃል? በዚህ ልብሴ?»

«በዚሁ ልብስዎ።»

«ፋዘር፣ ይሄዳሉ አይሄዱም? ሰው እየጠበቀ ነው!» አለ ረዳቱ።

አቶ ቢተው ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ዱላቸውን ይዘው ወረዱ።