ኦረን እና የሚንሸራተተው ክፍል

ቴሳ የጥገና መኪናዋን አቁማ ስትወርድ የወይዘሮ ቢዩላ ነጭ ውሻ እስከ ወገቡ ቀይ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ቆሟል።

«መጣሽልኝ? ነይ ጉዱን እዪልኝ!» አሉ ወይዘሮዋ ባልዲያቸውን አንጠልጥለው። «ይሄ ጎረቤቴ ውሻዬን ወጥ ውስጥ ነክሮ አወጣብኝ!»

ጥፋተኛው ኦረን እንደ ቤት ከሚኖርበት ትልቅ መኪና ጥላ ሥር እጁን በጨርቅ እየጠረገ መሬት መሬት ያያል። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። በኮምፒውተር ከርቀት ሒሳብ ያስተምራል፤ ከአጎቱ በወረሰው ቤት መኪና ብርዱን ሸሽቶ ብቻውን ወደ አሪዞና በረሃ ከመጣ ሦስት ወሩ።

ቴሳን ሲጠራት ይህ ሦስተኛው ነው። መጀመሪያ፣ ቤቱን ለማስፋት ከመኪናው ጎን እየተንሸራተተ የሚወጣውን ክፍል ውጭውን ሳያይ ገፍቶ የጎረቤት ጠረጴዛ ገጨ። ቀጥሎ ክፍሉ ግማሽ ድረስ ወጥቶ ተገትሮ ቀረ፤ የሚገፋው ዘይት ጎድሎት ነበር። ያን ቀን ቴሳ ጣቷን ቀስራ መክራዋለች፦ «ዘይት የምትለካውም የምትሞላውም ክፍሉ ገብቶ ሳለ ነው። ወጥቶ ሳለ ከሞላህ፣ ስታስገባው ዘይቱ ተመልሶ ይገነፍላል።»

እሱ አንገቱን እየነቀነቀ ዓይን ዓይኗን ያይ ነበር። እሷም ልብ ብላዋለች። ከዚያ ወዲህ ስልኳ በጮኸ ቁጥር ልቧ ድንግጥ ይላል፤ ምን ትዋሽ?

ዛሬ ግን ከፍቷታል። ሙቀቱ ጀምሯል፣ ብርዱን እዚህ ያሳለፉት ተጓዦች ሰፈራቸውን እየነቀሉ ነው፣ ኦረንም እኩለ ቀን ላይ ቦታውን ለቆ ወደ ሰሜን ሊሄድ ነው። እስካሁን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። አባቷ ጋርላንድማ ጠዋት ቁርጡን ነግረዋታል፦ «ጎማ ላይ ለሚኖር ሰው ልብ አይሰጥም ልጄ። ሙቀት ሲመጣ ውልቅ ነው!»

ክፍሉን የሚገፋውን የዘይት ፓምፕ ሳጥን ከፈተች። ዘይቱ ሞልቶ ፈሷል።

«ክፍሉ ወጥቶ ሳለ ነው የሞላኸው፣ አይደል?»

«አዎ።»

«ነግሬህ ነበር እኮ!»

«ነግረሽኛል።»

«ስማ ኦረን፣ እኔን ለመጥራት ሆን ብለህ ከሆነ አልስቅልህም። ይሄ ክፍል ሰው ይጨፈልቃል። በሥራዬ ቀልድ አልወድም!»

የኦረን ፊት ከዘይቱ ባሰ ቀላ። «ሆን ብዬማ ቢሆን ምናለ! ትንሽ ብልህ እመስል ነበር። ስታስረጂኝ አልሰማሁም። አንቺን ሳይ ጆሮዬ አይሠራም። ወድጄሽ ነው የደነቆርኩት!»

ወይዘሮ ቢዩላ ውሻውን ማጠብ ትተው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

«ሦስት ወር ሙሉ ምን ዘጋህ ታዲያ?» አለች ቴሳ።

«ፈራኋ። አንቺ ሁሉን ትችያለሽ፣ እኔ ዘይት እንኳ መሙላት አቃተኝ። ግን ሳልነግርሽ ብሄድ መንገድ ላይ አብዳለሁ።»

ቴሳ ትርፉን ዘይት ቀድታ አወጣች፤ ጠረገች፤ ክፍሉን እስከ መጨረሻው አስገብታ መጠኑን ለካች።

«አብሬህ አልሄድም» አለች በመጨረሻ። «ሥራዬም ቤቴም እዚህ ነው።»

ኦረን ጠወለገ።

«ግን እኛ ግቢ ባዶ ቦታ አለ። እኔም እወድሃለሁ፣ አንተ ጅል! ብቻ የበረሃው በጋ ያቃጥላል፤ አባዬ ደግሞ ከበጋው ይብሳል።»

«እችለዋለሁ።»

«በጋውን ነው አባዬን?»

«በጋውን። አባትሽን እንጃ።»

«ምን ትጠብቃለህ? ግቢያቸው ሂድ እንጂ!» አሉ ወይዘሮ ቢዩላ።

በዚያው ቀን ቤት መኪናው ጋርላንድ ግቢ ገብቶ ቆመ። ኦረን ግን ሳይፈቀድለት ክፍሉን ወደ ውጭ መግፋት ፈራ። ክፍሉ ስላልወጣ ሶፋውና ጠረጴዛው ተጣብቀዋል፤ እሱም መሀላቸው ጉልበቱን አገጩ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ጋርላንድ እጃቸውን አጣምረው በበሩ ብቅ አሉ። ቴሳ ከኋላቸው ቆማ ከንፈሯን ነክሳለች።

«ለስንት ቀን ነው?» አሉት ሽማግሌው።

«መሄድ አልፈልግም ጌታዬ። ልጅዎን እወዳታለሁ። ካላባረሩኝ እዚሁ ነኝ።»

ጋርላንድ ዞር ብለው ልጃቸውን አዩ። ዓይኗ እንባ አቅሯል፤ ግን ትስቃለች። ወደ ኦረን ተመለሱና የታጠፈ ጉልበቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ታዲያ ክፍሉን አውጣዋ!» ብለው ጮኹ። «ታጥፎ የሚኖር ሰው የት አለ?»