አሮጊቷና አዲሱ ፍሬን

«ርገጥ!» አለ አጎቷ።

ቤተሰቡ ፌንጣ የሚላት ልጅ ከፊት ለፊቱ ተንበርክካ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ይዛለች። የግራው የፊት ጎማ ወልቋል፤ መኪናዋ በእንጨት ጉማጅ ተደግፋ ቆማለች። ከአዲሱ ፍሬን የወጣች ቀጭን የላስቲክ ቱቦ በጠርሙሱ ካለው የፍሬን ዘይት ውስጥ ገብታለች። አባቷ መሪው ጋ ተቀምጦ ፔዳሉን ሲረግጥ ዘይቱ ውስጥ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ይላል።

«ያዝ! እንዳትለቅ!»

አረፋው ቆመ። አጎቷ የአየር ማስወጫዋን ቡሎን ከማጥበቁ በፊት ግን ዘይቱ በቱቦዋ ወደ ኋላ ሽሽት አለ።

«ጋሼ፣ ያዝ አልኩህ እኮ! ስትለቀው አየሩን መልሶ ይስበዋል።»

«ይዣለሁ!» አለ አባቷ ከላይ በቁጣ። «ይልቅ አንተ ቶሎ ዝጋ።»

እንደገና ሞከሩ። እንደገና ዘይቱ ተመለሰ። ፌንጣ ቀና ብላ በተከፈተው በር አየች። የአባቷ ቀኝ እግር ፔዳሉ ላይ ነው፤ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ሁለቱን እጆቹን ጉልበቱ ላይ ጭኖ ወደ ታች ይገፋል። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ እጆቹን ፈጠን ብሎ ወደ መሪው መለሰ።

«ነይ አንቺ ርገጪ» አለ። «ወጣት እያለ ሽማግሌ ምን አደከመው?»

ቦታ ተቀያየሩ። ፌንጣ ስትረግጥ ፔዳሉ መጀመሪያ ለስለስ ብሎ ወረደ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ እየጠጠረ ሄደ፤ በመጨረሻ ድንጋይ ሆነ።

«በቃ!» አለ አጎቷ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «አሮጊቷ ጥርስ አስገባች!»

«አሮጊቷ» የሰፈሩ ሰው ለፒካፗ ያወጣላት ስም ነው። አባቷ ከአባቱ ነው የወረሳት። ድሮ ሰማያዊ ነበረች ይባላል፤ አሁን ግን ቀለሟን በአንድ ቃል የሚናገር ሰው የለም። አባቷ በእሷ የሰው ዕቃ ያመላልሳል፤ ቤት ለሚቀይር አልጋና ቁምሳጥን ይጭናል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ የሰፈሩን ልጆች ከኋላ አሳፍሮ ትምህርት ቤት ያደርሳል።

ባለፈው ክረምት ቁልቁለቱ ላይ አልቆም ብላ የአትክልት ሻጯን ጠረጴዛ ገለበጠች። ሰው አልተጎዳም፤ ቲማቲሙ ግን መንገዱን ሞላው። «የድሮ ፍሬን ነው፤ ሲሞቅ ይከዳል» አለ አባቷ፤ ማንም አልተጠራጠረውም። መካኒኩ አጎቷ፣ የእናቷ ታናሽ ወንድም፣ ከተጋጨ ሌላ ፒካፕ ላይ የተፈታ ደህና ፍሬን ይዞ መጣ። ይሄኛው እንደ ድሮው ታምቡር በሚሉት ከበሮ መሰል ሽፋን ውስጥ የሚሠራ አይደለም። ከጎማው ጋር የሚዞር የብረት ሰሃን አለው፤ ያንን ሰሃን ግራና ቀኝ ቆንጥጦ ያቆመዋል። ፔዳሉንም የሚያግዝ ነገር ስለተገጠመለት ትንሽ ሲነኩት ይይዛል።

ፌንጣ ቅዳሜና እሑዶቿን ሁሉ ግቢ ውስጥ ከመኪናዋ ሥር አሳለፈች። ዝገት ፋቀች፣ ቡሎን አጠበች፣ ስድብ የሚመስል የመካኒክ ቀልድ ተማረች። የቀኙን ፍሬን አጎቷ ሲገጥም አየች፤ የግራውን ራሷ ገጠመች። አጎቷ ተከትሎ እያንዳንዱን ቡሎን በመፍቻ ሞከረ፤ አንዱም አልላላም። «ልጅቷ እጅ አላት» ብሎ ለእናቷ ጮክ ብሎ ሲናገር ሰምታ፣ ያልሰማች መስላ ስትንጎራደድ ዋለች።

ጎማው ተመልሶ እንደታሰረ አባቷ «ግቢ፣ እንሞክራት» አላት።

ከመጋዘኖቹ ጀርባ ባለው ባዶ መንገድ ሄዱ። አባቷ ፍጥነት ጨመረና ረገጠ። አሮጊቷ አፍንጫዋን ደፍታ ቀጥ አለች፤ የፌንጣ ቀበቶ ደረቷን ያዛት።

«እንዴ!» አለ አባቷ እየሳቀ። «ይቺ አሮጊት ናት ወይስ ጎረምሳ?»

ደግሞ ሞከረ። ደግሞ ቆመች። ፌንጣ ከንፈሯ አልገጥም ብሏት በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ፈገግ አለች። አባቷን እንዲህ ሲስቅ ካየችው ቆይታለች።

ወደ ቤት ሲመለሱ፣ የሰፈራቸው መንገድ ጫፍ ላይ፣ ኳስ ከአንድ በር ነጥራ ወጣች። ከኳሷ ኋላ አንድ ሕፃን ተከተለ።

«አባዬ!»

መኪናዋ አልቆመችም። ፌንጣ ቁልቁል አየች። የአባቷ እግር ነዳጅ መስጫው ላይ እንዳለ ነው። አባቷ በቀኝ እጁ ሱሪውን ጉልበቱ ላይ ጨምድዶ እግሩን ወደ ላይ ይጎትታል፤ እግሩ እንደ ሰው ዕቃ ተንጠልጥሎ መጣና ፍሬኑ ላይ ወደቀ። በዚያች ቅጽበት አሮጊቷ መሬት ላይ እንደተቸነከረች ቀጥ አለች።

ሕፃኑ ከፊት መከላከያው ሥር ኳሷን አነሳ። ቀና ብሎ አያቸውና እጁን አውለበለበላቸው። ሮጦ ገባ።

ሞተሩ እየተንገጫገጨ ጠፋ፤ ማንም አላስነሳውም።

«ፍሬኑ ትንሽ ይቀረዋል» አለ አባቷ በመጨረሻ። «አየር ሳይቀርበት አልቀረም።»

«አባዬ፣ እግርህ...»

«እግሬ ምን ሆነ?»

«አየሁት።»

አባቷ ቀኝ ጭኑን በመዳፉ ቀስ ብሎ መታ መታ አደረገው፤ የሌላ ሰው ጭን የሚመታ ይመስል ነበር። «ይደነዝዛል፤ ከዚያ ይተወኛል። ሁልጊዜ አይደለም።»

«ሐኪም ጋ ሂዳ!»

«ሐኪም ቢያየኝ የሚለኝን አውቀዋለሁ። አትንዳ ነው የሚለኝ።» ወደ እሷ አልዞረም። «ይቺ መኪና ቆመች ማለት እኔ ቆምኩ ማለት ነው። ገባሽ? ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። በእኔ ሞት።»

ፌንጣ ያን ጊዜ ገባት። ቁልቁለቱ ላይም የከዳው ፍሬኑ አልነበረም። ትንሽ ሲነኩት የሚይዝ ፍሬን ካገኘ የእግሩ ነገር ሳይታወቅ ይኖራል ብሎ ነው ይሄን ሁሉ ያስለፋቸው።

ራት ላይ እናቷ ከስፌት ማሽኗ ተነስታ፣ ክር ቀሚሷ ላይ እንደተንጠለጠለ ተቀመጠች። «እንዴት ነው ታዲያ? ሕዝቡን ሁሉ ዘይት በዘይት ያደረገው ፍሬን?»

«ጥሩ ነው» አለ አባቷ። «ብቻ አንዴ ዘገየብኝ።»

አጎቷ ጉርሻውን አቁሞ አየው። «ዘገየብኝ ስትል?»

«ረገጥኩት፤ ቶሎ አልያዘም። የግራው ይመስለኛል።»

የግራው። ፌንጣ ራሷ የገጠመችው።

«ፌንጣዬ» አለ አጎቷ ለስለስ ብሎ፣ «ምናልባት ቡሎኗን ሳታጠብቂ ረስተሽ ይሆን እንዴ? እኔም አይቼዋለሁ፣ ግን ሰው ነኝ፣ ያልፈኛል።»

«ልጅ አይደለች?» አለች እናቷ ፀጉሯን እየዳበሰች። «ብትረሳስ ምን ይፈረድባታል?»

ከወቀሳው ይልቅ ማባበሉ አንገበገባት። አባቷን አየችው። እሱ ሳህኑን ያያል። ዳቦውን ይቆርሳል፣ የቆረሰውን መልሶ ይቆርሳል፤ አይበላውም።

«እንጃ» አለች ፌንጣ።

አጎቷ ከሄደ በኋላ አባቷ ፌንጣ ዕቃ ወደምታጥብበት መጣ። ማጠቢያውን ተደግፎ ቆመ።

«በአንቺ ማላከኬ አይደለም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነገ አጎትሽ ነካ ነካ ያደርገዋል፤ ተስተካከለ እንላለን፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እየተጠነቀቅኩ እነዳለሁ።»

ፌንጣ የታጠበውን ሳህን መልሳ አጠበችው። «አባዬ፣ የግራው ምንም የለበትም። ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ» አለ አባቷ። ትከሻዋን ነካ አድርጎ ሄደ። ሲራመድ ቀኝ እግሩን ትንሽ ወደ ጎን እየወረወረ እንደሚሄድ አየች። ከመቼ ጀምሮ ይሆን? በየቀኑ እያየችው ነበር፤ ግን ልብ ብላ አላየችውም።

ጠዋት አጎቷ ከሁሉም ቀድሞ መጣ። የግራውን ጎማ ፈታ፣ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ሞከረ፣ ጎንበስ ብሎ በባትሪ መረመረ። የሰፈሩ ልጆች ቦርሳቸውን አዝለው ዙሪያውን ከበቡት። የፌንጣ ታናሽ ወንድም እንደ ሹፌር ረዳት ከኋላ ተንጠልጥሎ «ግቡ ግቡ! አዲስ ፍሬን ነው! የፈራ ይውረድ!» እያለ ይጮኻል። ልጆቹ እየተሳሳቁ ተራ በተራ ወጡ።

አጎቷ ጎማውን መልሶ እያሰረ ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ እኔ ምንም አላገኘሁበትም።»

«አሁን ይይዛል ታዲያ» አለ አባቷ። ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። «በሉ ልጆች፣ ተቀመጡ፤ ማንም እንዳይቆም።»

እናቷ የትንሹን ልጇን ቦርሳ ይዛ ከበሩ ብቅ አለች። «ቆይ እንጂ፣ ፍሬን ከምንም ተነስቶ ይዘገያል? ልጆች እኮ ናቸው የምትጭነው። ፌንጣ፣ አብረሽው ነበርሽ፤ ምን ሆኖ ነው በትክክል?»

አባቷ የመኪናውን በር እንደያዘ ቆመ። ተቆጥቶ ቢያያት ይሻል ነበር። እሱ ግን የሚያያት ትምህርት ቤት ጥፋት ሠርቶ ወላጅ እንዳይጠሩበት እንደሚለምን ልጅ ነው። ፌንጣ እንጃ ብትል ነገሩ ያልፋል። ከኋላ ታናሽ ወንድሟ አሁንም «ሞልቷል! ሞልቷል!» ይላል።

«ፍሬኑ አልዘገየም» አለች።

«እ?»

«ፍሬኑ ምንም አልሆነም፣ እማዬ። ሲረገጥ ወዲያው ነው የያዘው።» ድምፅዋ ተሰነጠቀ፤ ግን ቀጠለች። «የዘገየው አባዬ ነው። እግሩ አልታዘዝ አለው።»

አጎቷ መፍቻውን እንደያዘ ቀስ ብሎ ተነሳ። የእናቷ ዓይን ከአባቷ ፊት ወደ እጁ፣ ከእጁ ወደ እግሩ ወረደና እዚያው ቀረ።

አባቷ ሊስቅ ሞከረ። «ልጅቷ ደግሞ...» አለ። በሩን ተደግፎ የመኪናዋ መወጣጫ ላይ ቁጭ አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች እናቷ። ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች። የመለሰላትን ፌንጣ አልሰማችም፤ በጣም ዝቅ ብሎ ነው የተናገረው።

ፌንጣ ወደ መኪናዋ ኋላ ዞረች። ልጆቹ ያዩዋታል። የኋላውን መዝጊያ ከፈተችና እጇን ለታናሽ ወንድሟ ዘረጋች።

«ውረድ። ዛሬ ሁላችንም በእግራችን ነን።»

«ለምን? ፍሬኑ ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም። ና፣ እንዳይረፍድብን።»

ልጆቹ እያጉረመረሙ ወረዱ። ፌንጣ የወንድሟን ቦርሳ ከመሬት አንስታ፣ አባቷን ሳታይ፣ ልጆቹን ከፊት አስቀድማ ወጣች። ማታ ምን እንደሚላት፣ ዳግመኛ «ነይ አንቺ ርገጪ» ይላት እንደሆነ አታውቅም።

እስከ መታጠፊያው ድረስ ጆሮዋ ከኋላ ነበር። ሞተሩ አልተነሳም።