የማማው መንገድ

የምናሴ ጭንቅላት ከኋላ ተፈርክሷል። በጣና ዳር ባለው የዓሣ ማቀዝቀዣ ጣቢያ፣ በመሣሪያ ክፍሉ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቷል፤ የተመታበት የእሳት ማጥፊያ ከነደሙ አጠገቡ ተጋድሟል። ገዳዩ አንዴ መትቶ አልበቃውም። ኢንስፔክተር ሰብለ ወንጌል አጎንብሳ አየችና፣ ይህ የንዴት እንጂ የሌባ ሥራ አይደለም አለች።

ውጭ ደግሞ ሌላ ሬሳ ሊጨመር ነበር። ሠራተኛው መቅዘፊያና ድንጋይ ይዞ በሩን ከቧል። የሚፈልጉት ዓሣ በጀልባ የሚያመጣውን ነጋዴ አብዱልበሲጥን ነው። ምናሴ የኔትወርክ ኃላፊ ነበርና የኢንተርኔት ፋይበር ገመድ ለመቅበር የሰውየውን የጀልባ ማረፊያ አስቆፈረበት፤ በዚህም ትናንት ተናንቀዋል። ዛሬ ረፋድ አብዱልበሲጥ ሬሳውን አቅፎ፣ እጁ በደም ተነክሮ ተገኘ። ፖሊስ እስኪደርስ ክንዱን ሰብረውታል፤ አንድ ዓይኑም አብጦ ተደፍኗል።

«አቤት ሊለው ቢገባ ወድቆ አገኘው፤ ሊያነሳው ነው የነካው» አለች ሚስቱ ዘይነት። «እባክዎ፣ ለእነዚህ አሳልፈው አይስጡብኝ። ይገድሉታል።»

ሰብለ ወንጌል ቃል አልሰጠቻትም። በማስረጃ እንጂ በርኅራኄ ያን ሕዝብ መመለስ እንደማይቻል ታውቃለች።

የኔትወርክ ባለሙያዋ ሊድያ ከሥራ አስኪያጁ ከአቶ ባምላክ ጋር ከተማ ዋናው ቢሮ ነበረች። የጣቢያው ግንኙነት ድንገት ሲጠፋ፣ የበሩም ካሜራ ሲጨልም ለምናሴ ደወለችለት፤ እሱም ወዲያው ወደ ጣቢያው ሄደ። ቆይቶ ግንኙነቱ ተመለሰ። ምናሴ ግን አልተመለሰም።

የምናሴ ምክትል ገድሉ በካውያ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ እንባውን እየጠረገ መጣ። ከሊድያ ጋር ከከተማ የደረሰው አቶ ባምላክ፣ ግንኙነቱን የመለሰው እሱ መስሎት ሲያመሰግነው ቀና አለ።

«ከቤቴ ሆኜ ነው ያስተካከልሁት» አለ። «ምናሴ ስልክ ባያነሳ ጊዜ በላፕቶፔ ወደ ጣቢያው ራውተር ገባሁና መንገዱን ወደ ፋይበሩ መለስሁት።»

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል። ሰብለ ወንጌል የኔትወርኩን መንገድ ስለሚመርጠው መሣሪያ፣ ስለ ራውተር፣ የምታውቀው ነገር ስላልነበረ ሊድያን ለብቻዋ ይዛ ረዘም ላለ ጊዜ ጠየቀቻት። ከዚያ ሁሉንም፣ አብዱልበሲጥንና ዘይነትን ጨምሮ፣ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች። ድንጋይ የቆርቆሮ በሩን ይደበድባል።

«የጣቢያው ራውተር ወደ ከተማ ሁለት መንገድ አለው» አለች። «አንዱ የምናሴ ፋይበር ነው፤ ሌላው አቶ ገድሉ የተከለው የሬዲዮ ማማ። ስለ እያንዳንዱ መንገድ የሚነግረው የተለያየ ፕሮቶኮል፣ ማለትም የመሣሪያዎች መነጋገሪያ ደንብ፣ ነው። ሁለቱም ‹በእኔ ሂድ› ሲሉት፣ የተሰጠው የቅድሚያ ቁጥር ያነሰውን ያምናል። ዛሬ አንድ ሰው ቁጥሩን ለውጦ ማማው እንዲታመን አደረገ። ማማው መንገዴ ክፍት ነው ይላል እንጂ አያሳልፍም። ጣቢያው በዚህ ተቆረጠ። ሊድያ፣ ያን ጊዜ ከቤት ሆኖ ማስተካከል ይቻላል?»

«አይቻልም» አለች ሊድያ። «ከውጭ ቢሞክሩም መልሱ በማማው ወጥቶ ይጠፋል። የለወጠውም ሰው ራሱን ቆርጧል። ጣቢያው ድረስ ሄዶ፣ ራውተሩ ላይ ገመድ ሰክቶ መመለስ ብቻ ነው።»

ሰብለ ወንጌል ወደ ገድሉ ዞረች። «የይለፍ ቃሉን የምታውቁት ሦስታችሁ ናችሁ። ሊድያ ከአቶ ባምላክ አልተለየችም። ምናሴ ሞቷል። መንገዱን የመለስሁት እኔ ነኝ ያሉት እርስዎ ነዎት። እንግዲያውስ እዚያ ክፍል ውስጥ ነበሩ።»

ገድሉ እንባውን መጥረጉን ተወ።

«ምናሴ ማማዬን ሊያስነቅለው ነበር» አለ። «እንደሚሠራ ላሳየው ብዬ ከቤቴ ለወጥሁት። ሲቆረጥብኝ በሐይቁ በኩል ሮጬ ገባሁ። ሳስተካክል ደረሰብኝና ሳቀ። ‹አንተም እንደ ማማህ ታወራለህ እንጂ አታደርስም› አለኝ። ከዚያ እጄ አላቆም አለኝ።»

ፖሊስ ለሕዝቡ ገዳዩ ማን እንደሆነ ሲነግር ጩኸቱ ባሰ። ገድሉ የበሩን መቃን ጨብጦ አልወጣም አለ። ሰብለ ወንጌል ሽጉጧን አወጣች፣ የፖሊስ መኪናው ግን ሩቅ ነበር።

አብዱልበሲጥ ተነሳ። ዘይነት ሸሚዙን ይዛ ልታስቀረው ሞከረች፤ በደህናው እጁ ቀስ አድርጎ አስለቀቃትና ከገድሉ ፊት ቆመ።

«ዛሬ አንዴ ተሳስታችኋል» አለ ለሕዝቡ። «በእኔ ያደረጋችሁት ይበቃችኋል።»

ከኋላ የተወረወረ ድንጋይ የተሰበረ ክንዱን መታው። አላቃሰተም። ገድሉን ከጀርባው አስከትሎ እስከ መኪናው ድረስ ሄደ።