የገነነ ጫማ

ገነነ ዕድሜውን ወፍ ፍለጋ ሽቅብ ሲያንጋጥጥ ኖሮ፣ እንዳንጋጠጠ ሞተ። የዝግባ ሜዳ ሰው እንዲህ እያለ አለቀሰለት። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ፣ ከትልቁ ዝግባ ሥር በጀርባው ተዘርግቷል፤ ባይኖኩላሩ አንገቱ ላይ፣ የተሰበረ ቅርንጫፍ ደረቱ ላይ ነው። ማጅራቱ ተፈንክቶ ደሙ ረግቷል።

ኢንስፔክተር ሀብትነሽ ላቀው ከፍኖተ ሰላም ስትደርስ አገሬው ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት። ግማሹ «ከዛፍ ወድቆ ነው» ይላል። ግማሹ ደግሞ የደን ጠባቂውን አቶ ባዬን አስሮ አስቀምጧል። አለቃዋም ገና በመንገድ ሳለች ደውሎላት ነበር።

«አደጋ ከሆነ አደጋ ነው በይ። ሰው ከሆነ ገዳዩ ተይዟል። ከሁለቱ አንዱን መርጠሽ ቶሎ ዝጊው።»

«ሦስተኛ ቢኖርስ ጌታዬ?»

«የለም!»

«እሱን ሳየው አውቃለሁ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። እንደ እሷ በደጋው ፈረስ ቤት የተወለደ ሰው ብርድ እንጂ ቁጣ አያንቀጠቅጠውም ይል ነበር አባቷ።

ከማንኩሳ ወዲያ ሜዳው ሁሉ ጤፍና በቆሎ ነው፤ የጊዮርጊስ ደን ብቻ ከማሳው መሐል ጠቁሮ ይታያል። አስጎብኚው ደጀኔ ይህን አይቶ ነው ጉዞውን «የደሴቶች ወፎች» ብሎ የሰየመው። ባሕሩ ማሳ፣ ደሴቱ የቤተ ክርስቲያን ደን መሆኑ ነው። እንግዶቹን ከደን ወደ ደን እያዞረ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኙ ወፎችን ያሳያል። መንገድ መሪው ገነነ ነበር፤ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ በፉጨቱ ወፍ የሚጠራ።

የገነነ ጫማ በሰሜኑ በር፣ ተረከዙ ገጥሞ በሥርዓት ተቀምጧል። ሀብትነሽም የራሷን አውልቃ ከጎኑ አኖረችና ገባች። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ ከበሩ እስከ ዝግባው ያለው መንገድ ላቁጧል፤ ጭቃው በጣቶቿ መሐል እየወጣ አስቸገራት። ሬሳው ዘንድ ስትደርስ ከቁስሉ በፊት እግሩን አየች። የሟቹ ውስጥ እግር ንጹሕ ነበር። የራሷን እግር ገልብጣ ተመለከተች።

ከዝግባው ጀርባ የቅጥሩ ካብ ተንዶ ሳማ በቅሎበታል። ሳማው ተረጋግጧል። ከዚያ እስከ ዛፉ ያለውን መሬት የረገፈ ቅጠል ስለሸፈነው ዱካ አይታይም።

አቶ ባዬ በሚሊሻ ተጠብቀው፣ እጃቸው በገመድ ታስሮ ተቀምጠዋል።

«ፍታቸው» አለች።

«ያመልጣሉ» አለ ሚሊሻው።

«ሠላሳ ዓመት ከዚህ ደን ያልሸሹ ሰው ዛሬ ወዴት ያመልጣሉ? ፍታቸው አልኩህ!»

ገመዱ ሲፈታ ሽማግሌው እጃቸውን አሻሹ።

«አያ ባዬ፣ ትናንት በገነነ ላይ ዱላ አንሥተዋል አሉ።»

«አንሥቻለሁ እንጂ! በዚያች በምትጮህ ሳጥን የወፍ ድምፅ ሲያስጮህ እናቲቱ ጫጩቶቿን ጥላ ወጣች። ‹በሐሰት አትጥራት› አልሁት። ሳጥኗን ዘጋ፣ ጉልበቴንም ሳመ። ታርቀን ነው ያደርን።»

«ስትታረቁ ማን አየ?»

«ጊዮርጊስ።»

ሚሊሻው ሳቀ። ሀብትነሽ አልሳቀችም። እኚህን ሰው ዛሬ መኪና ላይ ከጫኗቸው፣ ወኅኒ ገብተው ተመልሰው እንደማይወጡ ታውቀዋለች።

የሽማግሌው ባለቤት እህተ ማርያም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ቀረበች። «ባሌ ነፍስ አያጠፋም፣ እሱን ተዪው። እኔን የቆጨኝ፣ ዛሬ ጧት እኛ ሴቶቹ ኪዳን ለማድረስ ስንገባ የወንድ ጫማ ተሻግረን መግባታችን ነው። ገነነ እንዲህ ያለ ስድ አልነበረም!»

«እስቲ ይድገሙልኝ» አለች ሀብትነሽ።

ደገመችላት።

ደጀኔ ከድንኳኑ ደጅ ሲንጎራደድ አገኘችው።

«እባክዎ አደጋ ይባልልን። ዛሬ ጋዜጠኞች ይመጣሉ፤ በሚመጣው ወር ደግሞ ከውጭ አገር እንግዶች አሉን። ሁሉም የሚመጡት ጉሮሮ ቢጫዋን ብለው ነው።»

«እሷ ደግሞ ማን ናት?»

«ዶክተር ወንዳወቅ ዓምና እዚህ ደን ውስጥ ፎቶ ያነሣት ወፍ ናት። ከዚያ በፊት በጎጃም ታይታ አታውቅም። የእሱም ስም፣ የእኛም ሥራ በእሷ ነው የተነሣው።»

«እርስዎ አይተዋታል?»

«እኔ? እኔ የማየው ሹፌርና ድንኳን ብቻ ነው።»

«ደኑንስ?»

«ትናንት ከሰዓት ገነነ በደቡብ በኩል አስገባኝ። ፎቶ አንሺያችን ናጂሃ ከሴቶቹ ጋር በራቸው ላይ ቀረች። ዶክተር መኪናው ቡሬ ላይ ተበላሽቶበት ከመሸ ነው የደረሰው።»

ናጂሃ የቡሬ ነጋዴ ልጅ ናት። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«እራት ላይ ተጣሉ» አለች። «ዶክተሩ ‹ነገ ለጋዜጠኞቹ አብረን አየናት በል› አለው። ገነነ ‹ያላየሁትን አየሁ አልልም› አለ። ደጀኔም እየለመነው ነበር። ገነነ ያችኑ ቃል መለሰለት። በመጨረሻ ‹ከጠየቁኝም ውሸት ነው እላለሁ› ብሎ ተነሥቶ ሄደ።»

ወንዳወቅ ግን ረጋ ብሎ ጠበቃት። ፀሐዩ ከርሮ ሳለ የሸሚዙን እጅጌ እስከ መዳፉ አውርዶታል፤ በላዩም አንጓውን ያካል።

«ምን ነካዎት?»

«የድንኳኑ ቁንጫ።»

«የእኛ አገር ቁንጫ እንግዳ ይወዳል። ጧት የት ነበሩ?»

«ተኝቼ። ምስኪን ልጅ! ዛፍ መውጣት ያበዛ ነበር።»

ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነው።

«መኪና ልኬያለሁ። ባዬ ይጫን!»

«መኪናው ይምጣ» አለች ሀብትነሽ። «ባዶውን አይመለስም። የማይገባውን ሰው ግን አልጭንም፤ ከፈለጉ እኔኑ ይጫኑኝ።»

ከዚያም ሁሉንም በሰሜኑ በር፣ ከጫማው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ኪዳነ ማርያምም መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ገነነ ከዛፍ አልወደቀም» ብላ ጀመረች። «ከዚህ በር እስከ ዝግባው ድረስ በባዶ እግሩ ሄዶ ቢሆን እንደኔ ይጨቀይ ነበር። እግሩ ግን ንጹሕ ነው። ውጭ ተመትቶ፣ ሬሳው በተናደው ካብ በኩል በሸክም ነው የገባ። ጫማውን ገዳዩ አውልቆ እዚህ አኖረው። ራሱ የገባ እንዲመስል ነው።» ፊቷን አዞረች። «ዶክተር፣ እርስዎ ዓምና ወፏን ሲያነሡ ጫማዎን አውልቀው ነው የገቡ?»

«እንዴታ! የቄስ የልጅ ልጅ ነኝ እኮ። ሥርዓት አውቃለሁ።»

«የት አወለቁት?»

«እዚሁ ነዋ። ወንድ በሰሜን፣ ሴት በደቡብ። ይኼ የትም ቦታ አንድ ነው።»

ከሴቶቹ አንዷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ደጀኔ ቀስ ብሎ ከዶክተሩ ጎን ራቀ።

«የትም ነው ልጄ» አሉ ቄስ ኪዳነ ማርያም። «እዚህ ግን አይደለም። የደቡቡ መንገድ ገደል ለገደል ነው። አባቶቻችን ነፍሰ ጡር እንዳትወድቅ ብለው ሜዳማውን በር ለሴቶች ተዉላቸው። ይኸው እስከ ዛሬ በዝግባ ሜዳ ወንዱ በገደሉ ይገባል።»

«ጫማውን እዚህ ያኖረው ሰው ሥርዓት ያውቃል፤ ይህን ደብር ግን አያውቅም» አለች ሀብትነሽ። «አያ ባዬ ያውቃሉ። ደጀኔ ትናንት ከገነነ ጋር በደቡብ ገብቷል። ናጂሃ እዚሁ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ውላለች። የቀረው ዓምና ገብቻለሁ የሚል፣ በሩን ግን የማያውቅ ሰው ነው።» ከዚያ አንቱታውን ተወችው። «ከዚህ ደን እግርህ ረግጦ አያውቅም። ወፏን ሌላ አገር አንሥተህ የጎጃም ናት አልህ። ገነነ ሊያጋልጥህ ሆነ። ጎህ ሲቀድ ተከትለኸው ወጥተህ መታኸው። እጅጌህን ሰብስብ!»

ወንዳወቅ አልሰበሰበም። ሚሊሻው ያዘና ገለጠው። እጁ ከአንጓው እስከ ክንዱ ቀልቶ አባብጧል።

«ሳማ ነው» አሉ አቶ ባዬ። «በዚህ አካባቢ ከተናደው ካብ በቀር አይበቅልም።»

ዶክተሩ አንገቱን ደፋ። «አንድ ቃል ብቻ ነበር የለመንኩት» አለ። «‹አየሁ› ቢል ምን ነበረበት?»

«ያላየውን?» አለች እህተ ማርያም። ድምፅዋን ደኑ አስተጋባው።

መኪናው ደረሰ። ወንዳወቅ ሲጫን አለቃዋ ደግሞ ደወለ።

«ባዬን ጫንሽ?»

«መኪናው ሞልቷል ጌታዬ።»

ደጀኔ እጁን እያፍተለተለ ተጠጋት። «ጋዜጠኞቹ ሲመጡ ምን ልበላቸው?»

«ያላዩትን አየሁ አይበሉ። ሌላው እዳው ገብስ ነው።»

ሚሊሻው ለአቶ ባዬ ቤታቸው መሄድ እንደሚችሉ ነገራቸው። እሳቸው ግን አልሄዱም። የገመዱ ሰንበር ባልጠፋው እጃቸው የገነነን ጫማ አነሡና በገደሉ መንገድ፣ ካቡን እየታከኩ አዘገሙ። ወንዶቹ አንድ በአንድ ተከተሏቸው። ደቡቡ በር ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ጫማውን ተረከዙን አጋጥመው አስቀመጡት። ከዚያ የራሳቸውን አወለቁና ልጁን ከዝግባው ሥር ሊያወጡ ገቡ።