የጋራ ሙለታ ብርድ

የሺአረግ ጭንቅላቷ ካናቴራው ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። ሱፉ ፊቷን ይበላታል፣ ላቧ በጀርባዋ ይንቆረቆራል፣ ከውጭ ደግሞ የኢስታር ሳቅ ይሰማታል።

«አቦ ሳቢው! እዚያው ታፍነሽ እንዳትቀሪ!»

«አንቺ ሳቢልኝ እንጂ! ሁለቱም እጆቼ ታስረው የለም እንዴ?»

ሰልባጅ ነጋዴዋ ፋዱሞ ከጨርቅ ክምሯ ላይ ሳትነሣ ሁለቱን ልጆች ትኩር ብላ አየቻቸው። ቀፊራ ገበያ ውስጥ በዚያ ቀትር ላይ ውሻ እንኳ ጥላ ፈልጎ ተኝቷል።

«ወላሂ እናንተ አብዳችኋል» አለች። «በድሬዳዋ ፀሐይ ሱፍ! ሽርጥ ልስጣችሁ፣ ሽርጥ።»

«ለጋራ ሙለታ ነው፣ እትዬ ፋዱሞ» አለች የሺአረግ በመጨረሻ አንገቷን አውጥታ።

«ሀዬ፣ እንደሱ በይ!» ፋዱሞ ወዲያው ሌላ ጆንያ መፍታት ጀመረች።

የ1972 ዓ.ም. ክረምት እየገባ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችም ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገጠር ሊወርዱ ነው። የዘመቻው አስተባባሪ መምህር ገብረወልድ ሁሉንም በየተራ ቢሮው ጠርቶ የታሰበላቸውን ቦታ ነግሯቸዋል። ኢስታር ጋራ ሙለታ ተራራ ወገብ ላይ ያለች መንደር ደረሰቻት፤ ሐምሌ ላይ ጭጋጉ እስከ ቀትር የማይገለጥባት፣ ማስተማሪያው ዳስ ግድግዳ የሌለው። የሺአረግ ደግሞ ጀልዴሳ። ጀልዴሳ ቆላ ነው፣ ቅርብ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በጭነት መኪና ቤት ደርሶ መመለስ ይቻላል። ለምና ያገኘችው ነው። የእናቷን የእትዬ ዘነበችን ዓይን ሞራ ጋርዶታል፤ ሰው ሲገባ ጥላውን እንጂ መልኩን አይለዩም። አባቷ ከሞተ ወዲህ ቤት ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ኢስታር ጋራ ሙለታ መባሏን በሰማች ቀን እነየሺአረግ ቤት መጥታ አልቅሳ ነበር። ያጽናኗት እትዬ ዘነበች ናቸው። የደብረ ብርሃን ልጅ ስለሆኑ ብርድን እንደ ክፉ ጎረቤት ያውቁታል።

«ሰው ካፖርት ካፖርት ይላል» አሏት ጉልበቷን እየደባበሱ። «ዋናው ገላሽን የሚነካው ነው፣ ልጄ። ጥጥ ለብሰሽ ዳገት ብትወጪ ላብሽን ይጠጣና ቆም ስትዪ በረዶ ይሆንብሻል። ሱፍ ግን ቢረጥብም ይሞቃል። ስስ ይሁን፣ ገላሽ ላይ ጥብቅ ይበል፣ ግን አያንቅሽ። ሁለት ያዢ፤ አንዱን ስትሠሪበት ዋዪ፣ ሌላውን ደረቁን ለብሰሽ ተኚ። የሺ ትምረጥልሽ፣ እሷን አስተምሬያታለሁ።»

እናም የሺ እየመረጠች ነው። ኢስታር መጀመሪያ ያነሣችው ሮዝ ሹራብ አማራት፤ የሺአረግ ግን ከጫፉ አንድ ክር መዘዘችና ክብሪት ለኮሰችበት። ክሩ ተኮማትሮ ጥቁር ጠጠር ሆነ።

«ናይለን ነው። ላብሽን ይዞ ይቀመጣል።»

«ልብሴን ልታቃጥሉብኝ ነው የመጣችሁት?» አለች ፋዱሞ።

«አንድ ክር ብቻ፣ እትዬ ፋዱሞ።»

ከግራጫው ካናቴራ የመዘዘችው ክር ግን ቀስ ብሎ ጨሰና የተቃጠለ ጠጉር ሸተተ። የሺአረግ እየሳቀች ኢስታር አፍንጫ ሥር አስጠጋችው። «በግ! እውነተኛ በግ!» አንገቱ ተዘግቶ፣ እጁ ረጅም፣ ወገቡ ጎንበስ ሲሉ የማይገለጥ ነው። ለመሥራት የሚያስፈልገው ይኸው ነበር። አብሮት የሚሄድ ጠባብ የሱፍ ሱሪም አገኘች፤ ሌላም ካናቴራ፣ ትንሽ የተበላ፣ ለመኝታ የሚሆን። ሁሉንም እሷው ለካችው።

«በቃ፣ አሁን አንቺ ልበሺው» አለቻት አውልቃ።

«ምን ያደርጋል? ልካችን አንድ ነው።»

«የምን አንድ? በጭንቅላት ትበልጪኛለሽ! እጁ ክርንሽ ላይ ነው የሚቀረው።»

ኢስታር ካናቴራውን ተቀብላ ማጣጠፍ ጀመረች። ቀና ብላ አላየቻትም። «አቦ ተዪኝ፣ ሞቆኛል። አንቺን ልክክ ካለሽ ይበቃል።»

የሺአረግ ሙቀቱ ነው ብላ አሰበች። ተቃቅፈው ወጡ።

በሳምንቱ ተማሪዎቹ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ተሰለፉ። መምህር ገብረወልድ በድምፅ ማጉያ ስም እየጠራ ሁሉም ወደ ቡድኑ ይሄዳል። የሺአረግ የጀልዴሳ ቡድን ሲጠራ አንድ እግሯን ወደፊት አድርጋ ጠበቀች።

«ኢስታር ክፍሉ!»

ኢስታር ከጎኗ ወጣች። ሳታያት፣ ሳትደናገጥ፣ ተሳስተዋል ሳትል፣ ቀጥ ብላ ሄዳ ከጀልዴሳዎቹ ጋር ቆመች።

«ጋራ ሙለታ! የሺአረግ ጉግሳ!»

የሺአረግ አልተንቀሳቀሰችም። ከኋላዋ ያለችው ልጅ «አንቺን እኮ ነው» ብላ ገፋ አደረገቻት። ስትራመድ ዓይኗ ኢስታር ላይ ነበር። ኢስታር የጫማዋን ጫፍ ታያለች። ያኔ የገበያው ነገር ተመልሶ መጣባት። *አንቺን ልክክ ካለሽ ይበቃል።* ለካ ያን ቀንም ታውቅ ነበር። አውቃ ነው ስትስቅ የነበረው። እናቴ ጉልበቷን ደባብሳ ካጽናናቻት በኋላ ነው ይህን ያደረገችው።

ሰልፉ ሲበተን መምህር ገብረወልድን ቢሮው በር ላይ ያዘችው።

«ቲቸር፣ እኔ ጀልዴሳ ነበርኩ እኮ።»

«ነበርሽ። አንቺ አይደለሽም እንዴ ይቀየርልኝ ያልሽው?» መነጽሩን አወለቀ። «ኢስታር መጥታ ነገረችኝ። ‹እናቷን የምታይላት ሰው ስላገኘች ከእኔ ጋር መቀየር ትፈልጋለች፤ ጀልዴሳን በእንባ ስለጠየቀች ግን ተመልሳ መምጣት አፍራለች› አለችኝ። ‹ሰው እንዲያዝንላት አትወድም› ስትለኝ አመንኳት።»

እውነት ነው፣ የሺአረግ ሰው ሲያዝንላት አትወድም። ይህን የነገረችው ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነበር።

መምህሩ ፊቷን አይቶ ገባው። በሩን ዘጋ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

«ስሚኝ። ስማችሁ አውራጃ ሄዷል። ውሸት ነው ካልሽኝ በእኔ እጅ አያልቅም፤ ለዘመቻ ኮሚቴው ነው የማቀርበው። ከዘመቻ ለመሸሽ ዋሸች ከተባለ ደግሞ ጉዳዩ ቀበሌ ይደርሳል። የእነሱን ቤት ታሪክ ታውቂያለሽ።» መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ነገ ጠዋት ንገሪኝ። የምትዪኝን እጽፋለሁ።»

ታውቃለች። የኢስታር ታላቅ ወንድም ማዘንጊያ ከሁለት ዓመት በፊት በአብዮት ጥበቃዎች ተወስዶ፣ በዓመቱ ተመልሷል። ድሮ የሰፈሩን ልጆች ኳስ የሚያጫውት፣ በሳቁ ከሩቅ የሚታወቅ ልጅ ነበር። አሁን አልጋው ጫፍ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል። በር በተንኳኳ ቁጥር ሁለት እጁን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ያሳያል፤ ማንም ሳይጠይቀው።

ኢስታርን ደቻቱ አገኘቻት፣ ደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሁልጊዜ የሚያርፉበት ቦታ ነው። በፌስታል የተጠቀለለ ልብስ አቅፋ ቁጭ ብላለች።

«ትመጫለሽ ብዬ ነው» አለች ኢስታር። «ያዢው። ላንቺ ነው የገዛሁት። መጀመሪያውንም ላንቺ ነው።»

«መጀመሪያውንም።»

«የሺ፣ ስሚኝ…»

«ታውቂ ነበር። እየለካሁ፣ እየላበኝ፣ አንቺ ታውቂ ነበር።»

ኢስታር ማልቀስ ጀመረች። «እኔ አልችልማ! ከቤት ርቄ አድሬ አላውቅም። ጨለማውን፣ ብርዱን ሳስበው ትንፋሼ ይቆማል። አንቺ ጠንካራ ነሽ። ሁሉን ትችያለሽ። ያለ አባት እንኳን…»

«አባቴን አትጥሪው!»

ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት። ማዶ ፍየል የሚጠብቁ ሰዎች ዞር ብለው አዩአቸው።

«ብትነግሪኝ ኖሮ» አለች የሺአረግ ዝቅ ብላ፣ «ብትለምኚኝ ኖሮ፣ ምን እንደምልሽ አላውቅም። እንቢ እልሽ ይሆናል፣ እሺም እልሽ ይሆናል። አንቺ ግን በእኔ አፍ ተናገርሽ። እናቴስ? ማን ውኃ ይቀዳላት? ማን ምድጃ ያነድላታል?»

«እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ስመጣ አያታለሁ ብዬ…»

የሺአረግ ቀሪውን አልሰማችም። ፌስታሉን አሸዋው ላይ ትታው ሄደች።

ማታ ለእናቷ ሁሉንም ነገረቻቸው። ለመደበቅ አስባ ነበር፤ ግን እትዬ ዘነበች ገና እግሯ ሲገባ «አረማመድሽ ምን ሆኗል?» አሏት። ሲሰሙ ቆዩና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«እኔ ነኝ ያስተማርኳት» አሉ። «ሱፍ በይ፣ ስስ በይ እያልኩ። ልጄን ለምትልክብኝ ልጅ።»

«እማዬ፣ እውነቱን ብናገር ኢስታርን ይወስዷታል።»

«ይወስዷት ይሆናል።»

«ዝም ብል ደግሞ አንቺ ብቻሽን ትቀሪያለሽ።»

እናቷ ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ። «በእኔ አታሳብቢ። እኔ ዓይኔ ነው የደከመው፣ እጄ አለ። ከአዴ ቱሪያም የሚለየን ግድግዳ ብቻ ነው፤ ሰው ጠይቀሽ አታውቂም እንጂ እንቢ የምትል ሴት አይደለችም። ልብሱንስ ምን አደረግሽው?»

«ጣልኩት። የእሷን አልለብስም።»

«እሷን ተቀየሚ፣ መብትሽ ነው። ብርድ ግን ኩርፊያ አያውቅም። የጋራ ሙለታን ዝናብ በጥጥ ካናቴራ ቆመሽ ልታስተምሪ ነው?»

የሺአረግ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። አንዴ ኢስታር ስትወሰድ ትታያትና ደስ ይላታል፤ ደስ ስላላት ደግሞ ትፈራለች። ኢስታር በበሩ ስትወጣ፣ ማዘንጊያም እጁን ዘርግቶ ሲያሳይ ይታያታል።

ጠዋት መምህር ገብረወልድ ብዕሩን ይዞ ጠበቃት።

«እኔ ነኝ ይቀየርልኝ ያልኩት» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ፣ ቲቸር።»

ብዕሩን አስቀመጠና ጠረጴዛውን በእጁ ጠረገ። «ሹራብ ያዢ» አላት በመጨረሻ። «እዚያ ይበርዳል።»

ኢስታር በር ላይ ቆማለች። ዓይኗ አብጧል፣ ፌስታሉም እጇ ላይ ነው።

«ምን አልሽው?»

«እኔ ነኝ አልኩት።»

ኢስታር ልታቅፋት እጇን ዘረጋች። የሺአረግ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለች።

«ላንቺ ብዬ አይደለም። ማዘንጊያን አይቼው ነው።»

«ምንም ይሁን፣ የሺዬ፣ እስክሞት…»

የሺአረግ ትከሻዋ ላይ ያንጠለጠለችውን ቦርሳ አወረደች። ለጀልዴሳ ያዘጋጀችው ነበር፤ አጎበሩ፣ ሰፊው የሰሌን ባርኔጣ፣ ስስ ሻሽ። አውጥታ ኢስታር ክንድ ላይ ከመረችውና ፌስታሉን ከእጇ ወሰደች።

«ስጦታ አይደለም። ተለዋወጥን፣ አለቀ። ወባ አለ፣ አጎበሩን ሳትዘረጊ እንዳትተኚ።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ እናትሽን አያለሁ። እምልልሻለሁ፣ ውኃ እቀዳለሁ፣ ልብስ…»

«እንዳትሄጂ።»

«ለምን? ልርዳቸው እንጂ!»

«ነግሬያታለሁ። መምህሩን ዋሸሁት፣ እሷን ግን አልዋሸኋትም። እግርሽ ሲገባ ታውቅሻለች፤ መልክሽን ማየት አያስፈልጋትም።»

ኢስታር ባርኔጣውን እንዳቀፈች ቀረች። የሺአረግ ወደ ኋላ አላየችም። ለማየት ግን ፈልጋ ነበር፤ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ አንገቷ እንዳይዞር ያዘችው። ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ይህን መንገድ ብቻዋን ሄዳው አታውቅም። የእግሯ ድምፅ ነጠላ ሆነባት።

ሰፈር ስትደርስ በራሳቸው በር አለፈች። የጎረቤታቸው የአዴ ቱሪያ በር ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ ሬዲዮና የልጆች ጫጫታ ይሰማል። የሺአረግ ቆመች። አምስት ዓመት ሙሉ ጨው እንኳ ሳትበደር የኖረችበት በር ነው። ምን ብላ እንደምትጀምር በልቧ ደጋግማ ሞከረች። ‹እናቴን…› ትላለች፣ ከዚያ ይጠፋባታል። ለሰው ገመናዋን የነገረች ጊዜ ምን እንደሆነች አሁን ነው ያየችው።

ሊመለስ የነበረውን እግሯን ገታችና አንኳኳች።

«ማነው? ግቡ፣ ክፍት ነው!»

«እኔ ነኝ፣ አዴ ቱሪያ» አለች የሺአረግ። በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። «የማስቸግርሽ ነገር አለኝ።»