ዴሊያ የቀደደቻቸው ቢጫ ካርዶች

ዴሊያ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ቴነሲ ውስጥ፣ ብራይር ፎርክ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከእናቷ ከሮንዳ ጋር ትኖራለች። ቤታቸው ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለው ነጭ የጣውላ ቤት ነው። አባቷ የሞተው ገና የአራት ዓመት ሕፃን ሳለች ነው። እናቷ በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። መጦሪያው አርባ ማይል ይርቃል፤ አውቶቡስ ደግሞ ወደዚያ ድርሽ አይልም። እንግዲህ ልጆች፣ ለዴሊያ እናት መኪና ጌጥ አልነበረችም። የእንጀራ ገመዷ ነበረች።

ሮንዳ ያቺን መኪና የገዛችው በአውራ ጎዳናው ዳር ካለው ያገለገሉ መኪናዎች መሸጫ ነው። ሰማያዊ ቫን ናት። የጎን በሯ ሲከፈት ወገቧን እንደሚያማት ሴት ታቃስታለች። የሸጠላት ሰው ምላሱ ቅቤ ነው። «እመቤቴ፣ ይሄን የተራዘመ ዋስትና ከወሰዱ፣ መኪናዋ ብትበላሽ ወጪው የእኛ ነው፤ ከጎማው በስተቀር የሚያሳስብዎ ነገር የለም» አላት። ሮንዳም አመነችውና ፈረመች።

ሻጩ ያልነገራት ነገር በወረቀቱ ጀርባ ተጽፎ ነበር። ፊደሉ ከጉንዳን እግር ይቀጥናል። የሞተር ዘይት በወቅቱ ካልተቀየረ፣ መቀየሩም በጽሑፍ ካልተረጋገጠ፣ ዋስትናው አይሠራም ይላል። ሮንዳ ቤቷ ገብታ መነጽሯን አድርጋ ይህንን አነበበች። ሁልጊዜ ዋናውን ነገር ከጀርባ ነው የሚጽፉት ብላ አጉረመረመች። ከዚያ በኋላ ግን ወቅቱን አንድም ጊዜ ሳታሳልፍ ዘይቱን ታስቀይር ነበር።

የምታስቀይረው የት መሰላችሁ? በቤተ ክርስቲያናቸው ግቢ ነው። እዚያ አንድ ደግ ልማድ አለ። በየሦስት ወሩ፣ አንድ ቅዳሜ፣ የመኪና ሥራ የሚያውቁ ምእመናን የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው መኪና ማቆሚያው ላይ ይሰበሰባሉ። ባል ለሞተባቸውና ልጅ ብቻቸውን ለሚያሳድጉ እናቶች ዘይት በነጻ ይቀይራሉ። አለቃቸው ሚስተር ክላይድ የሚባሉ የትራክተር መካኒክ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ሥራው ሲያልቅ ቀኑን፣ የዘይቱን ዓይነትና መኪናዋ የሄደችበትን ማይል በቢጫ ካርድ ላይ ጽፈው ይሰጣሉ። ካርዱ ላይ በትልቁ «ለመበለቶችና ለብቸኛ እናቶች በነጻ የተሰጠ» የሚል ማኅተም አለበት።

ሮንዳ ካርዶቹን በላስቲክ አስራ በዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጣቸዋለች። አራት ደርሰዋል። ዴሊያ ግን ማኅተሙን ባየች ቁጥር ፊቷ ይቀላል። ዘይት ለማስቀየር ከእናቶቹ መኪናዎች ጋር ሰልፍ ላይ ሲቆሙ እንኳ የክፍሏ ልጅ እንዳያያት ወንበሩ ሥር ጎንበስ ትላለች። ድሃ መባልን ትፈራ ነበር። አትፍረዱባት ልጆች። ከእኛ መካከል ያላፈረ ማን አለ?

አንድ ቀን ሼልቢ የምትባል የክፍሏ ልጅ ከእነሱ ጋር ወደ ዋና ልትሄድ ሆነ። የሼልቢ አባት የጥርስ ሐኪም ነው፤ መኪናቸውም ወንበሩን የሚያሞቅ ነው። ሼልቢ ደግሞ ያገኘችውን መሳቢያ ሁሉ መክፈት የምትወድ ልጅ ናት። ሼልቢን ሊወስዱ ሲሄዱ ነዳጅ ማደያ ጋ ቆሙ፤ እናቷ ለመክፈል ስትገባ ዴሊያ መሳቢያውን ከፈተች። ካርዶቹን አየቻቸው። ወንበሩ ሥር ልደብቃቸው ወይ ብላ አሰበች። ሼልቢ እዚያም ብታይስ? አራቱንም ቀደደችና ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጨመረቻቸው። እናቷ ስትመለስ ዴሊያ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ታፏጭ ነበር።

ሁለት ወር ያህል ምንም አልሆነም። መጥፎ ሥራ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ዝም ሲል የተረሳ ይመስላል።

ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት ቫኗ መንገድ ላይ ኳኳ አለችና ቆመች። በመጎተቻ ወደ መሸጫው ጋራዥ ወሰዷት። ሌላ ጋራዥ እንዳይሠራት በዋስትናው ወረቀት ጀርባ ተከልክሏል። እዚያ ባለጉዳይ የሚቀበለው ኤመሪ የሚባል ዝምተኛ ሰው ነው። ሮንዳ ለአሠሪዋ ስልክ ስትደውል እሱ የቫኗን መሳቢያ ከፍቶ የመኪናዋን ፈቃድ አወጣ፣ ቁጥሩን ጻፈ፣ መለሰው። ዴሊያም አጠገቡ ቆማ ታየው ነበር። ሲጨርስ ከረሜላ ሰጣት።

ረቡዕ ዕለት መልሱን ሊሰሙ ሄዱ። ሞተሩ ነክሶ አልዞር ብሏል፤ ሌላ ሞተር ያስፈልጋል። ዋስትና ሰጪው በስልክ ብቻ የሚገኝ ሩቅ ድርጅት ነው። ኤመሪ ጠብቅ እየተባለ ሁለት ሰዓት ሙሉ በስልኩ ሙዚቃ ሲሰማ ቆይቶ በመጨረሻ ያገኘው መልስ አንድ ነው፤ ዘይቱ መቀየሩን የሚያሳይ ማስረጃ በሠላሳ ቀን ውስጥ ካልመጣ አንከፍልም አሉ።

ሮንዳ ማስረጃው መሳቢያው ውስጥ ነው አለች። ኤመሪ የለም አላት። አብረው ሄደው ፈለጉ፤ የለም። ሮንዳ መጮኽ ጀመረች። ሥራ አስኪያጁ ሚስተር ዶይል ጫጫታውን ሰምቶ ከቢሮው ወጣ። ያኔ ሮንዳ ወደ ልጇ ዞረች።

«ዴሊያዬ፣ አንቺ እዚህ ነበርሽ። ካርዶቹን ማን እንዳወጣቸው አላየሽም?»

እውነቱ ምላሷ ላይ ነበር። እናቷ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ወንበር ላይ የተቀመጡት ባለጉዳዮች ሁሉ ያይዋታል።

«ሚስተር ኤመሪ ሲያወጣቸው አይቻለሁ» አለች። «ጠረጴዛው ላይ ነው ያስቀመጣቸው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ኤመሪ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች እያነሣ መፈለግ ጀመረ። ሕፃን ልጅ ውሸታም ማለት ከብዶት ይሆናል። ሮንዳ ግን አለቀቀችውም፤ የሰው ሕይወት የያዘ ወረቀት እንዴት ይጣላል፣ ስንገዛ እመቤቴ፣ ሲበላሽ ማን ነሽ፣ ብላ አለቀሰች። እውነቷን ነበር። እንዲህ ያለ ቦታ ብዙ ሰው አልቅሷል። ችግሩ፣ በዚያን ቀን የጮኸችበት ሰው ጥፋተኛው አልነበረም። ሚስተር ዶይልም ወረቀቱ እስኪገኝ ድረስ ኤመሪን ከጠረጴዛው አንስቶ መኪና እንዲያጥብ አዘዘው።

ከዚያ በኋላ ሮንዳ በሌሊት እየተነሣች፣ በመኪናችሁ አድርሱኝ ብላ ሰው እየለመነች፣ ሥራ መሄድ ጀመረች። ሁለት ቀን አረፈደች። ሦስተኛ ካረፈድሽ አትምጪ ተባለች። ዴሊያን ደግሞ በየቀኑ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ በመሸጫው በኩል ያሳልፋታል። ኤመሪን በብርዱ ቱቦ ይዞ ታየዋለች። ከረሜላ የሰጣት እጁ ቀልቷል። በአውቶቡሱ ሌላኛው በኩል ብትቀመጥም ማየቱን ማቆም አልቻለችም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኸው ነው።

ድርጅቱ ከሰጣቸው ሠላሳ ቀን ሃያ ስድስተኛው እሑድ ነበር። ከጸሎት በኋላ ምእመናኑ አዳራሽ ውስጥ ምሳ ይበላሉ። ሮንዳ የደረሰባትን ስትናገር ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡላት። አንዷ፣ ያ ኤመሪ የሚሉት ሰው ሌባ ሳይሆን አይቀርም፣ መኪናዬን ወደዚያ አልወስድም አለች። ሌላዋም እኔም አለች። ሚስተር ክላይድ የዶሮ ጥብሳቸውን አስቀመጡ።

«ሞተር ቢሞት ሌላ ሞተር እንገጥማለን» አሉ በቀስታ። «የሰው ስም ከሞተ ግን መለዋወጫ የለውም። እስቲ እንጠንቀቅ፣ እናንተ ልጆች።»

እሳቸው ዴሊያን አላዩም፤ ምንም አያውቁም። እሷ ግን ሳህኗን ወደ ጎን ገፋች።

ቤት እንደገቡ፣ እናቷ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ ዴሊያ ነገረቻት። ሁሉንም፤ ማደያውን፣ ሼልቢን፣ ማኅተሙን፣ ውሸቱን። ሮንዳ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ዴሊያ ቁጣ ጠበቀች። ቁጣው ቢመጣ ይሻላት ነበር፤ እናቷ ግን አልተቆጣችም።

«እዚያ ሰልፍ ላይ ስቆም እኔም አፍራለሁ» አለች። «አንቺ ብቻ ይመስልሻል? ግን ከማፈር ያንቺ መራብ ይብስብኛል።»

«ይቅር በይኝ እማዬ።»

«እኔ ይቅር ብዬሻለሁ። የበደልሽው ሰው ግን እኔ ብቻ አይደለሁም። እኔም አብሬሽ በድዬዋለሁ፤ ሳላጣራ ሰደብኩት። ነገ አብረን እንሄዳለን።»

ያን ዕለት ዴሊያ ስትጸልይ አንድ ነገር ብቻ ለመነች፤ ሚስተር ኤመሪ ነገ ሥራ ባይገባ ምናለበት ብላ። እግዚአብሔር እንዲህ ያለውን ጸሎት አይሰማም፣ ልጆች።

ሰኞ ጠዋት የሚስተር ክላይድ መኪና መሸጫው በር ላይ አወረደቻቸው። ኤመሪ ገብቷል። ከጓሮ ተጠርቶ መጣ፤ እጅጌው እስከ ክርኑ ረጥቧል። ሚስተር ዶይልም አለ፤ ሦስት ባለጉዳዮችም ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሮንዳ እጇን ዴሊያ ትከሻ ላይ አደረገች፤ ግን አልተናገረችላትም።

«ካርዶቹን እኔ ነኝ የቀደድኳቸው» አለች ዴሊያ። «ሚስተር ኤመሪ፣ እርስዎ አልነኳቸውም። በነጻ የሚል ስለነበረበት አፍሬ ነው። ከዚያ ደግሞ ፈርቼ በእርስዎ ላይ ዋሸሁ።»

ሮንዳም ቀጥላ፣ እኔም ሰድቤዎታለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ አለችው።

ኤመሪ እጁን በሱሪው ጠረገ። ዓይኑ ቀላ።

«እዚህ ጠረጴዛ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆምኩ» አለ። «ያልተባልኩት የለም። ሌባ፣ አጭበርባሪ፣ ሁሉንም ተብያለሁ። ተመልሶ መጥቶ ‘አንተ አይደለህም’ ያለኝ ሰው ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

ሚስተር ዶይል ኤመሪን ወደ ቦታህ ተመለስ አለው። ኤመሪ ግን እሱን የሰማው አይመስልም። ወደ ዴሊያ ጎንበስ ብሎ ዘይቱን ማን ነበር የሚቀይርላችሁ ብሎ ጠየቃት። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህንን የጠየቀ አልነበረም፤ ሁሉም የጠፋ ወረቀት ሲፈልግ ነበር የከረመው። ዴሊያ ሚስተር ክላይድ አለችው። ሽማግሌው መኪናቸው ውስጥ ሆነው ይጠብቁ ነበር። ሲጠየቁ፣ የእያንዳንዷን እናት መኪና ማይልና ቀን የጻፉበት ደብተር ቤታቸው እንዳለ ተናገሩ። ድርጅቱ ከካርዶቹ ሌላ የማይቀበል መስሏቸው፣ አምጡ ያላቸውም ሰው ስላልነበረ አላመጡትም።

ደብተሩ ሲመጣ ኤመሪ ገጾቹን ቀድቶ ለዋስትና ሰጪው ላከ። ድርጅቱ የእጅ ጽሑፍ አንቀበልም አለ። ኤመሪ ደወለ፣ ሙዚቃውን አዳመጠ፣ ደገመ። የቤተ ክርስቲያኑ ማኅተም ይታከል አሉ፤ ታከለ። ዘይቱ የተገዛበት ደረሰኝ ይምጣ አሉ፤ መጣ። በሃያ ዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ለሞተሩ እንከፍላለን፣ ለመጎተቻው ግን አንከፍልም አሉ። ሮንዳ ያንን ስትሰማ ሳቀችም አለቀሰችም። ቫኗ ከአሥር ቀን በኋላ ተነሣች፤ ሮንዳም ከሥራዋ አልተባረረችም።

ዴሊያ በሚቀጥለው እሑድ አዳራሹ ውስጥ ተነሥታ፣ ኤመሪን ሌባ ባሉት ሴቶች ፊት ያደረገችውን በገዛ አፏ ተናገረች። ማንም አላዘዛትም። ከሴቶቹ አንዷም በማግስቱ መኪናዋን ወደ ኤመሪ ይዛ ሄደች።

ስለዚህ ልጆች፣ የራሳችንን ሐፍረት ለመሸፈን ብለን በሌላ ሰው ላይ አንዋሽ፤ ከዋሸን ደግሞ ስሙን ባጠፋንበት ሰው ፊት ቆመን እውነቱን እንናገር።