በቅሎ የምታውቀው ሰው

በቤተ ሙከራችን አንድ ደንብ አለ። ያለ ሾፌር የሚሄድ ማሽን እንግዳ ፊት ሲሞከር መንገዱ ላይ የሚቆመው ራሱ የሠራው ሰው ነው። ስለዚህ ያን ቀን ጠዋት እኔ ቆምኩ።

ማሽኗ በሆስፒታል ኮሪደር መድኃኒት እንድታመላልስ የሠራኋት ጋሪ ናት። ግትርነቷን አይተን «በቅሎ» አልናት። ሰው ካየች በራሷ መቆም አለባት። ሦስት ገምጋሚዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ የአራት ዓመት ምርምሬ በእነሱ እጅ ነበር።

ቀዩን የማቆሚያ ቁልፍ የያዘው ቴክኒሻናችን ነው። ሰኞ ዕለት «ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ። አትሂድ ካልሽኝ ግን እቀራለሁ» አለኝ። እኔም «ከሙከራው በኋላ እናወራለን» አልኩት። የኔ ነገር! ከዚያ ወዲህ ከ«ደህና አደርሽ» ያለፈ ቃል አልተለዋወጥንም። ለቀጣሪዎቹ መልስ የሚሰጠው በሙከራው ቀን እስከ ስድስት ሰዓት ነበር።

በቅሎ ተነሳች። አምስት ሜትር፣ ሦስት ሜትር... ፍጥነቷን አልቀነሰችም። ከቦታዬ አልተነቃነቅኩም። ቀና ብዬ ቴክኒሻኑን አየሁት፤ ፊቱ ዐመድ መስሏል።

ጉልበቴ ጋ ለመድረስ ስንዝር ሲቀራት ቀጥ አለች።

«እሰይ! ቆመች!» ብለው ገምጋሚዎቹ አጨበጨቡ።

የቴክኒሻኑ አውራ ጣት ግን ቁልፉን ተጭኖ ነበር። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ዝም ካልኩ እሱም ዝም እንደሚል ዓይኑ ነገረኝ። ልቤ መዋሸት አምሮት ነበር፤ አልደብቅም።

«አልቆመችም» አልኩ። «እሱ ነው ያቆማት።»

ኮምፒውተሬን ከፈትኩላቸው። በቅሎ ሰውን የተማረችው ከአራት ሺህ ቪዲዮ ነው። ሁሉም ላይ ያው የእሱ ሰማያዊ ቱታ፣ ያው ጎተት የሚል ቀኝ እግሩ። ለእሷ ሰው ማለት እሱ ብቻ ነበር።

«ቢያንስ ሠላሳ ሰው ያስፈልግሽ ነበር» አሉ የገምጋሚዎቹ ሰብሳቢ መነጽራቸውን እያወለቁ። «ከስድስት ወር በኋላ ተመለሽ። እስከዚያ ፈቃድ የለም።»

ሲወጡ ሁለታችን ቀረን።

«ቪዲዮውን በቀረጽሽበት ሁለት ዓመት ሙሉ ሕንፃው ሰው ሞልቶት ነበር» አለ። «ለምን እኔን ብቻ?»

«ሌላ ሰው ብጠራ አንተ አትመጣማ።»

ሰዓቱ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር። በግትርነት ከበቅሎ የባስኩት እኔ ነኝ።

«አትሂድ» አልኩት። «ሰኞ ማለት ነበረብኝ። እወድሃለሁ፤ አትሂድብኝ።»

ስልኩን አወጣ። ቀጣሪዎቹ ጋ ደወለ።

«ይቅርታ፣ አልመጣም» አላቸው፣ ዓይኑን ከኔ ሳይነቅል። «እዚህ ሥራ በዝቶብኛል። ሠላሳ ሰው መፈለግ አለብኝ፤ እኔ አልቆጠርም።»